ምላስ የሌለው ዘለበት

በሠራሁት ዕቃ ሰው ሲያማርር መስማት አልወድም። ሃያ ስምንት ዓመት ከሞርሳና ከሊማ ጋር ስኖር የላላ ቡሎን፣ የተንጋደደ ማጠፊያ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ጓድ ሀብተ ሥላሴ ሹም አቦ ሠፈር ወዳለው የብረታ ብረት ማኅበራችን መጥቶ፣ «ለቃሬዛ ማሰሪያ የሚሆን ዘለበት ሥራልን፤ መንገድ ሲያንገጫግጨው የማይፈታ፣ ጭቃ የማይበግረው» ሲለኝ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ስል አላፍርም፤ ያን ጊዜ የማውቀው ያን ያህል ነው።

ሰውየው የቁስለኞች ማጓጓዣ ኃላፊ ነበር። ሲናገር ሰው ዓይን ውስጥ አያይም፤ የሚያየው ግድግዳ ነው።

«በቀላሉ መፈታትም አለበት» አለኝ። «ለእኛ ማለቴ ነው። ቁስለኛው በትኩሳት ሲቃዥ ማሰሪያውን ራሱ ይፈታና ከመኪና ላይ ይወድቃል። ሁለት ሰው ሞቶብናል። የታሰረው ሰው እንዳይፈታው አድርገህ ሥራው።»

የዘለበት ጥያቄ ነው፤ እኔም የሰማሁት እንደ ዘለበት ጥያቄ ነው። ሦስት ሳምንት ለፋሁበት። ከወፍራም ላሜራ ሁለት ክፋይ ቆረጥሁ፤ አንደኛው ጥርስ አለው፣ ሁለተኛው ጥርሱ የሚገባበት ቀዳዳ። በመሐል ሞላ አደረግሁ። ጥርሱ አንዴ ከገባ የሚወጣው፣ አንድ ሰው ከላይ ቆሞ ግራና ቀኙን በሁለት አውራ ጣቱ እኩል ሲጫን ብቻ ነው። ማሰሪያው ክንድን ከደረት ጋር አብሮ ስለሚይዝ የተኛው ሰው እጁ አይደርስም። ከላይ ለቆመው ግን የቅጽበት ሥራ ነው። ቆንጆ ዕቃ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ በኋላም ቆንጆ አልነበረም ልል አልችልም።

የሞከርሁት ክንዱ በሚባለው ታናሽ ወንድሜ ላይ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እዚያው ማኅበራችን ውስጥ በያጅ ነው። አባታችን ሲሞት ከዱርቤቴ አምጥቼ ያሳደግሁት፣ ሥራውንም ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ግራኝነቱን ግን ላስተወው አልቻልሁም። ሊማ ይዞ ብረት ሲሞርድ ጭረቱ ከሌላው ሰው ጭረት በተቃራኒ ወደ ግራ ያጋድላል። ሦስት ጊዜ ይስብና ያርፋል፤ ሦስት ጊዜ ይስብና ያርፋል። ጀርባዬን ሰጥቼ እንኳ የሚሞርደው እሱ መሆኑን አውቅ ነበር።

አግዳሚ ላይ አስተኝቼ የመጀመሪያዋን ዘለበት ቆለፍሁበት። ቁጥር አንድ ብዬ መትቼባታለሁ።

«ጋሼ፣ ልፍታው?» አለኝ።

«ሞክር እስቲ፣ አንተ ቀልደኛ።»

ትንፋሹን ሁሉ አወጣ፤ ሆዱ እንደ ተነፈሰ ጎማ ሟሸሸ። ማሰሪያው የጣት ያህል ላላ። በክርኑ ዘለበቷን ገፋ አድርጎ በጠርዟ አቆማት፤ ጥርሱ ሾልኮ ወጣ፤ እሱም ተነሥቶ ተቀመጠ።

«ትንፋሽን ጨርሶ ማውጣት ነው» አለኝ እየሳቀ። «ሌላ ነገር የለውም።»

ይህን ያደረገው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ነው። ደሜ ፈላ። ምሳ ሳልበላ ከላሜራ ትንሽ ምላስ ቆረጥሁና ከጥርሱ ኋላ እንድትቆም አድርጌ በሪቬት መታኋት፤ ማሰሪያው ቢላላ እንኳ ጥርሱ ወደ ኋላ እንዳይሾልክ ትይዘዋለች። የታዘዝሁት አሥራ ሁለት ዘለበት ነው፤ ለአሥራ አንዱ ምላስ አደረግሁላቸው። ቁጥር አንድ ግን ምላስ እንዲገባላት መፍረስ ነበረባት፤ ሰነፍሁና እንዳለች ተውኋት። ከዚያ ክንዱን በቁጥር ሁለት መልሼ አሰርሁት። ትንፋሹን አወጣ፣ ፊቱ እስኪጠቁር ገፋ፣ አልሆነለትም።

«በቃ ገደልኸኝ፣ ጋሼ፤ ፍታኝ» አለ። እየሳቀ ነው ያለው። እኔም ሳቅሁ።

መጋቢት ላይ ክንዱ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። አዲሱ ዓመት ሲገባ ደግሞ ከሐሙሲት ወዲያ ያለው መንገድ አያስተማምንም ተባለና ቁስለኛ ከጎርጎራ በጀልባ ሐይቁን አቋርጦ መምጣት ጀመረ። እኔ ለመኪና መንገድ የሠራሁትን ዘለበት ውኃ ላይ ያወጡታል ብዬ አላሰብሁም። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅሁም። ጥቅምት አምስት ቀን አንዲት ጀልባ አሥራ ሁለት ቁስለኛ በአሥራ ሁለቱ ቃሬዛ ይዛ ስትመጣ ነፋስ ገለበጣት።

ይህን የነገረችኝ አገርነሽ ናት፤ አብራቸው የነበረች ነርስ። እሷ በርሜል ይዛ ተርፋለች። ወርክሾፑ ድረስ መጥታ፣ አልቀመጥም ብላ፣ ቆማ ነገረችኝ።

«ወንድምዎ ከእነሱ ጋር ነበር። እግሩን ነው የተመታው፤ ይድን ነበር። ሳስረው ዘለበቱን አየና ‹የጋሼ ሥራ ነው› ብሎ ሳቀ። ጀልባዋ ስትገለበጥ አንዱን ሰው ልፈታ ሞከርሁ። ከላይ መቆም ይፈልጋል፤ ውኃ ውስጥ ደግሞ ላይና ታች የለም።» አውራ ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችኝ። «ተንሸራተቱብኝ።»

«የክንዱ ዘለበት ቁጥሩ ስንት ነበር?»

«ቁጥር አላየሁም» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኖርሁት በዚህች አንድ ነገር ነው። ቁጥር አንድ ለክንዱ ደርሳው ከሆነ ፈትቷታል። ከአሥራ ሁለቱ ሰዎች አፈታቷን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ዋናም ያውቃል። ፈትቶ ወጥቶ፣ ሐይቁ ዳር ደንገሉ ውስጥ ገብቶ፣ ወደ ጦርነቱ ላለመመለስ የሆነ ቦታ ተደብቆ ይሆናል። ዱርቤቴ ድረስ ሄጄ እናቴን «የወታደር ደብዳቤ ይዘገያል» አልኋት። ስዋሻት ራሴም አምኜ ነበር።

ከዚያ ዘለበቶቹ መመለስ ጀመሩ።

ያመጡልኝ አያ መስዑድ ናቸው። ቤታቸው ሐይቁ ዳር ነው፤ ጀልባ ይሠራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። ሚስማርና ማጠፊያ ከእኛ ስለሚወስዱ የእጄን ሥራ ያውቃሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘለበቶች ከነሰዎቻቸው ተገኙ፤ ክንዱ ከሦስቱ አንዱ አልነበረም። የቀሩት ግን በየዓርቡ፣ እሳቸው ለጁምዓ ሶላት ወደ ከተማ ሲመጡ፣ አንድ አንድ እያሉ መጡ። ሁለት ሆነው መጥተው አያውቁም፤ አንድም ዓርብ አልዘለሉም። ማሰሪያው ሳይበጠስ፣ ዘለበቱ እንደተቆለፈ፣ ባዶውን መረብ ውስጥ ይገኛል።

«ሰውየው በየት ወጣ፣ አንዳርጋቸው?» አሉኝ አንድ ቀን። «ጠባብ ነው። ሰው ከነእጁ የሚወጣበት መንገድ አላየሁበትም።»

ቁጥሩን ብቻ ነበር የማየው። አራት። አሥራ ሁለት። ዘጠኝ። ቁጥር አንድ ሳትሆን ስትቀር እፎይ እል ነበር፤ የሌላ እናት ልጅ መሆኑን እያወቅሁ እፎይ ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል። ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቀልኋቸው። ማሰሪያዎቹ አልደረቁም። ከሥራቸው ምድጃ ባነድድም፣ በር ከፍቼ ፀሐይ ባስመታቸውም በሳምንታቸው ጠብ ጠብ ይላሉ። በያጆቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ወደ ሌላው ጥግ ሄዱ።

በዚህ መሐል አዲስ ዘለበት ሠራሁ። የተኛው ሰው በጣቱ የሚደርስበት ቀለበት አለው፤ አንዴ ሲስበው ጥርሱ ይለቃል። በጭቃ፣ በአሸዋ፣ በውኃ ሞከርሁት፤ አንድ ጊዜም አላሳፈረኝም። ጓድ ሀብተ ሥላሴ ግን ገልብጦ እንኳ አላየውም።

«ይኼንማ ቁስለኛው ራሱ ይፈታዋል» አለኝ። «አሮጌው ጥሩ ነው። አርባ ሥራ።»

«ጓድ፣ አሮጌው ሰው ጨርሷል።»

«ሰው የጨረሰው ነፋስ ነው» አለ ግድግዳውን እያየ። «አንተም አነጋገርህን ብታሳምር ይሻልሃል።»

እልህ ያዘኝ። በእልህ የሠራሁት ነገር ሁሉ እንዳጠፋኝ የሚነግረኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም። «እንግዲያው ሐይቁ ዳር ይምጡ» አልሁት። «እኔን በአሮጌው እሰሩና ውኃ ውስጥ አግቡኝ። ከፈታሁት አርባውን እሠራለሁ። ካልፈታሁት አዲሱን ይቀበሉኝ።»

«ቃልህ ነው?» አለ።

«ቃሌ ነው።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአያ መስዑድ ቤት በታች ተገናኘን። ፀሐዩ ጠንካራ ነው፣ ነፋስ የለም። አገርነሽ ምስክር ሆና መጣች። እኔ የያዝሁት አያ መስዑድ በዋዜማው ያመጧትን ቁጥር ሰባትን ነው፤ ከተመለሱት አሥራ አንዱ ያልዛገች እሷ ብቻ ነበረች። የቀረችው ቁጥር አንድ ናት። አገርነሽ ደረቅ መሬት ላይ ቆማ በሁለት አውራ ጣቷ ስትጫናት ወዲያው ተከፈተች። ልጅቷ እጆቿን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ቃሬዛው ላይ አስተኝታ ቆለፈችብኝ።

አያ መስዑድ በግርጌ፣ ጓድ ሀብተ ሥላሴ ሱሪውን ሰብስቦ በራስጌ ያዙኝና ወገባቸው ድረስ ገቡ። ውኃው ፊቴን ሲሸፍነው አገርነሽ ከዳር ሆና መቁጠር ጀመረች። እስከ ሃያ ነው የተስማማነው። ስንት እንደደረሰች አላውቅም፤ ጓዱን ድንጋይ አንሸራተተውና ለቀቀኝ። ቃሬዛው ተገልብጦ ወደ ጥልቁ ሾለከ፤ እኔም ከሥሩ በደረቴ ቀረሁ።

ውኃው ድፍርስ ነው። ክንዴን ላላቅቅ ታገልሁ። የገዛ ዘለበቴ ደረቴ ላይ ናት፤ አንድም ክፍተት እንደሌላት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ፈራሁ። እንዲህ ሆነው ነው የሞቱት አልሁ በልቤ።

ያን ጊዜ እጅ ሆዴን ተጫነኝ።

መጀመሪያ የአያ መስዑድ መሰለኝ። ነገር ግን የመጣው ከታች ነው፤ ከሐይቁ ወለል በኩል። መዳፉ ሰፊ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ አይቸኩልም። ሲጫነኝ ትንፋሼ በአፌ እየተንቦጨቦጨ ወጣ፤ የመጨረሻዋ እስክትወጣ አልተወኝም። ከዚያ የሊማ ድምፅ በደረቴ አጥንት በኩል ሰማሁ። ሦስት ጊዜ ተሳበ፤ ዐረፈ። ሦስት ጊዜ ተሳበ፤ ዐረፈ። ዘለበቷ በጠርዟ ቆመች፤ ጥርሱ ወጣ።

አያ መስዑድ በፀጉሬ ጎትተው አወጡኝ። ዳር ላይ ተደፍቼ ሳስል ጓድ ሀብተ ሥላሴ እስከ አንገቱ ርሶ ቆሟል። ፊቱ ነጥቶ ነበር፤ ማሰሪያው ክፍት መሆኑን ሲያይ ግን ሳቀ።

«ፈታኸው! ማንም ሳይነካህ ራስህ ፈታኸው! ታዲያ ምን ጎደለው? ቃልህ ቃል ነው፤ አርባ!» ጫማውን አንሥቶ ሄደ።

ዘለበቷን ገለበጥኋት። ምላሷ የለችም። የነበረችበት ቦታ በሊማ ተልጎ ብረቱ ነጭ ሆኖ ያበራል። ጭረቱ ወደ ግራ ያጋድላል።

«ትናንት ነበረች» አሉ አያ መስዑድ ቀስ ብለው። «በጣቴ ዳስሻታለሁ። ቢስሚላህ።» ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ ውኃው አልመለሱም።

እዚያው አሸዋው ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ክንዱ ሐይቁ ውስጥ ነው። የእሱ ዘለበት ያቺ ሳትዝግ የተመለሰችው ሰባት ነበረች፤ እኔ ምላስ የመታሁባት። አፈታቱን እያወቀ፣ ትንፋሹን ሁሉ አውጥቶ፣ እኔ በአንድ ቀን እልህ የቆረጥኋት ቁራጭ ላሜራ ይዛ አስቀረችው። ለራሱ ያልደረሰለትን ለእኔ ሞረደልኝ። እኔን በማዳኑም አርባ ሰው የሚታሰርበትን ዘለበት እንድሠራ አስፈረደብኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ አያ መስዑድ ቁጥር አንድን አመጡ። ተቆልፋለች። በእሷ የታሰረው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ መውጫ ግን ነበረው። የጎደለው የሚነግረው ሰው ብቻ ነው።

አርባውን ሠራሁ። አገርነሽ ልትረከብ ስትመጣ አግዳሚው ላይ አስተኝቼ አንዱን ቆለፍሁባት።

«ትንፋሽሽን ጨርሰሽ አውጪ» አልኋት። «ከዚያ በክርንሽ ግፊው።»

አወጣች፤ ገፋች፤ ጥርሱ ሾለከ። ተነሥታ ተቀመጠች።

«ሳስራቸው በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። «ለእያንዳንዳቸው።»

ጓድ ሀብተ ሥላሴ ዘለበቶቹን ቆጥሮ ፈረመ። አንዱን እንኳ አንሥቶ ቁጥሩን ቢያነብ ኖሮ ይጠይቀኝ ነበር። አላነበበም። በአርባውም ላይ የመታሁት ቁጥር አንድን ነው።