የሠርክአዲስ ጾም

ኮሮና ትምህርት ቤቱን ከዘጋ ወዲህ ፈተናው ሁሉ በቴሌግራም ሆኗል። ጁዋይሪያ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ አልረጋችም፤ መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ የአባቷን ስልክ ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ለልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ከክፍላቸው የሚመረጠው አንድ ተማሪ ብቻ ነው፤ ማን እንደሆነ ዛሬ ይነገራል።

የሚያቁነጠንጣት ሌላም ጉዳይ ነበር። የአማርኛው ፈተና «ጾም በቤታችን» የሚል ድርሰት ነው። ጓደኛዋ ሠርክአዲስ አፏን የፈታችው በትግርኛ ነውና አማርኛ ጻፊ ስትባል ላብ ያጠምቃታል። «በናትሽ ጻፊልኝ» ብላ ለመነቻት። የወሎዋ ልጅ ለአማርኛ ማን ብሏት! የራሷን ጨርሳ የጓደኛዋንም በአንድ ቁጭታ ጻፈችላት። ምን ያደርጋል፣ ወሩ ረመዳን ነበር፤ የጻፈችውም ሆዷ እየጮኸ ነው።

ስልኩ ጠራ። ማዳመጫው ስለተበላሸ ላውድ ላይ ካልተደረገ አይሰማም። አባቷ አብዱልወዱድ ለገበያ የሚወስደውን ልብስ ማጠፉን ትቶ ጆሮውን አቆመ።

«ጁዋይሪያ ጓለይ፣ የኔ ልጅ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ተመርጠሻል» አላት የአማርኛ መምህሯ ገዛኢ።

«አልሐምዱሊላህ!» አባቷ ብድግ አለ።

«ግን ስልክሽን ጠብቂ እንጂ!» መምህሩ ሳቀ። «ሠርክአዲስ ድርሰቷ ላይ በሁዳዴ እናቷ ሌሊት ቀስቅሳ ታበላታለች፤ ሲመሽ ደግሞ ቤተሰቡ በቴምር ያፈጥራል! የቄስ ልጅ እኮ ናት! ስይዛት፣ ‹ጁዋይሪያ ለልምምድ የጻፈችውን ሳታየኝ ከስልኳ ወስጄ ረመዳን ያለውን ሁዳዴ አደረግኩት› አለች። ዜሮ ሰጥቻታለሁ። በዚህ ውጤት ክፍል አታልፍም።»

ጁዋይሪያ ፊቷ ጋለ። ዕድሜዋን ሙሉ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ኖራ ይህን ትሳሳት! ያቺ እብድ ደግሞ እሷን ለማዳን ብላ ሌባ ነኝ አለች። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም፤ ዕድሉም የእሷ ነው። አባቷ እንባው አቅርሮ ይስቃል። እሱን ማየት አልቻለችም።

«ቲቸር... አልሰረቀችኝም። ጻፊልኝ አለችኝ፣ ጻፍኩላት።»

የአባቷ ሳቅ ቆመ። «ሓቅሽን ነው?» አለ መምህሩ።

«ወላሂ።»

«እንዲህ ከሆነ ስምሽን ማስተላለፍ አልችልም። ይገባሻል?»

«ይገባኛል። እሷስ?»

«ጥፋቱ የሁለታችሁ ነው። ሁለታችሁም እንደገና ትፈተናላችሁ። ሌባ ስላልኳት ግን እኔው ደውዬ ይቅርታ እጠይቃታለሁ» አለና ዘጋው።

አብዱልወዱድ እንደቆመ ቀረ። «አያትሽ ደሴ ዱዓ ይዛ ወሬሽን እየጠበቀች ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ምን ልበላት?»

«ቀረባት በላት፣ አባ» አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

«አይ፣ እኔ አልችልም። አንቺው ንገሪያት።»

ቁጥሩን ደውሎ ስልኩን እጇ ላይ አስቀመጠላት።