ለልቤ ሲባል

ሐኪሟ «ልብዎ ደህና ነው» ስትለኝ ደስ አላለኝም። ለራሴም እንግዳ ሆኖብኝ ነበር፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው። የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ ደረቴና እግሬ ላይ ያን ሁሉ ሽቦ ለጥፈውብኝ፣ ወረቀቱ ከማሽኑ ሲወጣ እያየሁ «በቃ ሠናይት፣ ዛሬ ስም ያለው በሽታ ይዘሽ ልትወጪ ነው» እያልኩ ነበር። ዶክተር ፋሲካ ልጅ እግር ናት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየችው፣ የደም ምርመራውንም ከጎኑ አድርጋ አነበበችና ፈገግ አለች።

«ምቱ አልፎ አልፎ ይዘላል። ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ የሚታይ ነገር ነው። ቡና ይቀንሱ፣ በደንብ ይተኙ፤ ሲነሣብዎት ቁጭ ብለው ቀስ እያሉ ይተንፍሱ። ራስዎን ከሳቱ ወይም ደረትዎን ካመመዎት ይመለሱ። ከዚያ ውጭ እንደ ልማድዎ መሥራት ነው፤ ዳገትም መውጣት ይችላሉ።»

«ዳገትም?»

«ጉናንም ቢሆን» አለችና ሳቀች። እናቴ ጉና ተራራ ሥር እንደምትኖር አታውቅም።

ልቤ ሲነሣ ምን እንደሚያደርገኝ ግን የማውቀው እኔ ነኝ። ደብረ ታቦር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ፋይል ላወርድ መሰላል ላይ ቆሜ፣ ወይም ምንም ሳልሠራ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ድንገት ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀጥ ይላል። ቀጥሎ ድው! ከዚያ እግሩን እንደታሰረ በግ ይፈራገጥ ይጀምራል። ጉሮሮዬ ድረስ ይሰማኛል፤ አፌ ይደርቃል፤ እጄ በረዶ ይሆናል። አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሩብ ሰዓት ይቆይና እንደ አመጣጡ ይሄዳል። በወር አንዴ፣ ሲብስበት በሳምንት አንዴ ይመጣል። ምንም አይደለም ብትባሉም፣ በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ሞታችሁ የተነሣችሁ ነው የሚመስላችሁ። ፍርሃቴ ውሸት አልነበረም። ውሸቱ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ያን ዕለት ከሆስፒታሉ በር ወጥቼ ገና ባጃጅ ሳልይዝ ታናሽ እህቴ ፈንታነሽ ደወለች። ፈንታነሽ ባሏን ከፈታች ወዲህ የምትኖረው እማዬ ዘንድ ነው። ገብሱም፣ ድንቹም፣ በጎቹም፣ እማዬም በእሷ ጫንቃ ላይ ናቸው። እማዬ በዚያ ሰሞን ጭቃ አዳልጧት ወድቃ ዳሌዋን ተጎድታ ነበር።

«እታለም፣ አንድ ወር መጥተሽ ብትይዥልኝ» አለችኝ። «ድንቹ መሬት ውስጥ ሊበሰብስብኝ ነው። እሷን ብቻዋን ትቼ ማሳ መውረድ አልቻልሁም።»

መሄድ አልፈለግሁም። ብርዱን አልፈለግሁም፣ ጭሱን አልፈለግሁም፣ የእማዬን ገላ ማጠብና እሷን ደግፎ ደጅ ማውጣት አልፈለግሁም። ሰው ስለ እናቱ እንዲህ አይናገርም። እኔ ግን ከእንግዲህ ወዲያ የምደብቀው ነገር አልቀረኝም።

«ፈንታ፣ ልቤን ተመርምሬ አሁን መውጣቴ ነው» አልኳት።

«ኧረ በማርያም! ምን አሉሽ?»

«ምቱ ይዘላል አሉኝ።»

የቀረው የሐኪሟ ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

«በሞትሁት!» አለች ፈንታነሽ፤ ድምፅዋ ወዲያው ተሰበረ። «በቃ እንዳትመጭ። በዚህ ልብሽ ይህን ዳገት ልትወጭ ነው? እኔ እንደምንም እሆናለሁ።»

በማግሥቱ ዘመድ ሁሉ ሰማ። ሳምንት ሳይሞላው «ምቱ ይዘላል» ያልኩት ነገር «የልብ ድካም» ሆኖ ወደ እኔ ተመለሰ። አላረምኩትም። ባሌ ዳኛቸው መድኃኒቱ የታል ሲለኝ «ዕረፍት ነው ያዘዘችልኝ» አልኩት። አስተማሪ ነው፤ ጠያቂ ነው፤ ግን ስለ እኔ ሲሆን የነገርኩትን ያምናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የውሃ ጀሪካን አስነክቶኝ አያውቅም።

የታመመ ሰው ክብር ደስ ይላል፤ በተለይ ሕመሙ ከሌለ። ሠርግ ቤት ሌሎቹ ሴቶች ጎንበስ ብለው ሽንኩርት ሲከትፉ ለእኔ ወንበር ይመጣልኛል። ለቅሶ ቤት «አንቺ ደርሰሽ ተመለሽ» እባላለሁ። መሥሪያ ቤት መሰላሉን ሌላ ሰው ይወጣልኛል። እኔም ቀስ ብሎ መራመድ ለመድኩ፤ ተናግሬ ስጨርስ እጄን ደረቴ ላይ ማሳረፍም ለመድኩ። አንዳንዴ ስለ ፈንታነሽ ሳስብ ጥፋቴ ይታወሰኝና ያ ነገር ደረቴ ውስጥ ይነሣል። ሲነሣ ደግሞ «ይኸው፣ ታምሜ የለም ወይ» እላለሁ። ራሴን በራሴ እንዲህ እያታለልኩ ሁለት ዓመት ኖርኩ።

በሁለት ዓመት ውስጥ እማዬን ያየኋት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ለፋሲካ በዓል። መንገዱ የተዘጋባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ እሱ እውነት ነው። ክፍት የሆነባቸው ሳምንታት ግን ይበልጡ ነበር። በመጨረሻው ፋሲካ እማዬ ከአልጋዋ ሳትነሣ እጄን ያዘችና «ልብሽን እንዴት አደረገሽ፣ ልጄ?» አለችኝ። ያቺ መገላበጥ እንኳ የማትችል ሴት ስለ እኔ ልብ ትጠይቃለች። «ይሻለኛል፣ እማዬ» አልኳት። ፈንታነሽ የእማዬን ልብስ ልታጥብ ወንዝ ወርዳ ነበር።

ዘንድሮ ኅዳር መግቢያ ላይ ስደውል እማዬ ስልክ ላይ አልቀረበችም። ፈንታነሽ ነበረች ያነሣችው።

«ወንዛዬ ፍል ውሃ ልከናታል፣ ለዳሌዋ። የአያ ሞላ ሚስት አብራት ናት። እዚያ ስልክ አይሠራም» አለችኝ።

አያ ሞላ አጎታችን ነው። ከአልጋ መውረድ የማትችል ሴት በምን ታምር ወንዛዬ ድረስ ትሄዳለች? ጥያቄው መጥቶልኝ ነበር። ብጠይቅ «እንግዲያው ነይና እያት» የምባል መሰለኝና ተውኩት። እንዲያውም እፎይ አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ስደውልም መልሱ ያው ነበር። በእነዚያ ቀናት ሹሩባ ተሠርቻለሁ፤ ስቄያለሁ፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ክርስትና ላይ እስክስታም መትቻለሁ፤ ቀስ ብዬ፣ ለልቤ ሲባል።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ዳኛቸው ቀድሞኝ ተነሥቶ ፍርፍር ሠርቶ አቀረበ። በሃያ ዓመት ትዳራችን ለቁርስ እሳት ነክቶ አያውቅም። «ብይ፣ ብይ» ይለኛል፤ እሱ አንዲት ጉርሻ አልቀመሰም። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ሰው ሆዱ ባዶ እንዳይሆን ይጠነቀቁለታል። ልቡን የሚታመም ከሆነማ ጭራሽ በትኩሱ አይነገረውም፤ ሬሳው ይቀበርና፣ ሰው ይመካከርና፣ ቀን ይቆረጥለታል። ይህን አውቃለሁ፤ እኔም ለሌሎች ስመካከር ኖሬያለሁ። ጉርሻዬን ወደ ትሪው መለስኩት።

«ማን ነው?» አልኩት።

ዳኛቸው ፊቱን አዞረ። ያኔ የግቢው በር ተከፈተ። አያ ሞላ ጋቢውን አዘቅዝቆ ከፊት ገባ፤ ከኋላው የሰፈሩ ሰው። ጎረቤታችን ዓይናለም ነርስ ናት፤ የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ ወደ እኔ ሮጠችና አያ ሞላ ሳይናገር ክንዴ ላይ ጠቀለለችው።

«እናትሽ ካረፈች ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኗ ነው» አለ አያ ሞላ። «ለልብሽ ስንል ነው የቆየነው። አትቀየሚን፣ ልጄ።»

አትቀየሚን አለኝ። እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ። ዓይናለም መለኪያውን እየነፋች «አይዞሽ፣ ደህና ነው፣ ደህና ነው» ትላለች። በእርግጥም ደህና ነበር። ልቤ ያን ዕለት አንዲት ምት አልዘለለም።

እስከ ክምር ድንጋይ ከተማ በመኪና ሄድን። ከዚያ ወዲያ ለሌላው ሁሉ በእግር ነው፤ ለእኔ ግን በቅሎ ተጭና ጠበቀችኝ። ሁለት ወንዶች ግራና ቀኝ ደግፈውኝ ዳገቱን ወጣሁ። በዕድሜ እማዬን የምታክል አንዲት ሴት ምርኩዟን ይዛ ከመንገዱ ወርዳ አሳለፈችኝ፤ «አይ ልቧን! ምስኪን!» ስትል ሰማሁ። ከበቅሎዋ ወርጄ መሬቱ ውስጥ ብገባ ደስ ባለኝ።

ግቢው ጋ ስንደርስ ጮህኩ። እናቴን ልጠራት፣ ደረቴን ልመታ፣ እንደ ሰው ልጅ ላለቅስላት ፈለግሁ። አራት ሴቶች ተረባርበው እጆቼን ያዙኝ።

«ያዟት! ደረቷን እንዳትመታ!»

«ጠበል አምጡ!»

«ልቀቁኝ! ልቤ ደህና ነው! ምንም አልሆንሁም!» እያልኩ ተንፈራገጥኩ።

«አይ ሆዴ!» አለች አንዷ እያለቀሰች። «እኛ እንዳንጨነቅ ብላ እኮ ነው።» እጆቼን ይበልጥ አጥብቀው ያዙኝ። እናቴን በተያዘ እጅ አለቀስኳት።

ፈንታነሽ ፀጉሯን ተላጭታለች፤ ከስታ አጥንቷ ወጥቷል። አቅፋኝ ጆሮዬ ላይ «አይቆጭሽ፣ እታለም» አለችኝ። «እማዬ ራሷ ናት አትጥሩብኝ ያለችው። የልጄን ልብ አደራ ብላኝ ነው ያረፈች።» ያ ቃል በመጠኑ አሳረፈኝ። እውነቱን ስትጠይቁኝ፣ በጣም አሳረፈኝ።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ። ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ድንች መረጥን፤ የዘሩን ለብቻ፣ የሚበላውን ለብቻ። የሞላውን ቅርጫት ላነሣ ስል ፈንታነሽ ዘላ ከእጄ ቀማችኝ። እጇን አየሁት። ተሰነጣጥቋል፤ ጥፍሮቿ ጠቁረዋል፤ አንዱ ጣቷ ተጣሞ ድኗል። መቼ እንደተሰበረ አላውቅም። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«ፈንታ፣ ልቤ ደህና ነው።»

«አዎ፣ ይሻልሻል።»

«ይሻልሻል አይደለም። ድሮም ደህና ነበር። ሐኪሟ ሥሪ፣ ዳገትም ውጭ ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ ያልነገርሁሽ። መምጣት ስላልፈለግሁ ነው።»

ቅርጫቱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችውና አንድ ድንች አነሣች።

«መቼ ነው እንዲህ ያለችሽ?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት።»

«ነይልኝ ብዬ የደወልሁልሽ ዕለት?»

«ያን ዕለት።»

እንድትሰድበኝ ጠበቅሁ። በያዘችው ድንች ግንባሬን ብትለኝ ደስ ይለኝ ነበር። የነገርኳትም ለዚያ ይመስለኛል፤ ተቆጥታኝ፣ አብረን አልቅሰን፣ እንዲቀልልኝ። ፈንታነሽ ግን ድንቹ ላይ ያለውን አፈር በአውራ ጣቷ ትፈገፍግ ጀመር። ንጹሕ ከሆነ በኋላም ትፈገፍገው ነበር።

«አትጥሩብኝ አላለችም» አለች በመጨረሻ።

«ማን?»

«እማዬ። ጥሪልኝ ነው ያለችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ሠናይትን ጥሪልኝ፣ ሠናይትን ጥሪልኝ። ብነግርሽ መንገድ ላይ የምትቀሪ መሰለኝ። ሁለታችሁን ባንድ ሳምንት የምቀብር መሰለኝ። ስለዚህ ተነሥታለች አልኋት። ክምር ድንጋይ ደርሳለች፣ በቅሎ ልከንላታል አልኋት። ውሻ በጮኸ ቁጥር ወደ በሩ ቀና ትል ነበር።»

እጄን ዘረጋሁላት። አልያዘችውም።

«እናቴን ዓይን ዓይኗን እያየሁ ዋሸኋት» አለች። «ቢሆንም እህቴን አትርፌያለሁ እያልሁ ነበር የምተኛው። እነዚህን ሃያ አንድ ቀናት በዚያች ሐሳብ ብቻ ነው የተኛሁት።»

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«ታዲያ አሁን ይህን ለምን ነገርሽኝ፣ እታለም?»

መልሴን ጠበቀች።