በበሬ እግር የቆመ ጄሎ

ሰልማ አምስት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ፣ እመቤቷ በዓል በመጣ ቁጥር ጄሎ የሚባል የሚረጋ ጣፋጭ ታሠራት ነበር፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ እየተደራረበ፣ ሲቆረጥ የቀሚስ ጥለት የሚመስል። ከሚሴ ተመልሳ የመጀመሪያው ኢድ ሲደርስ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት በአባቷ ቤት ያንኑ ሠርታ አቀረበች።

ሰው ሁሉ ከቦ አደነቀ። ከጨፋ ሮቢት የመጡት የአባቷ ታላቅ እህት መሪየም ግን ማንኪያ ሳያነሱ ጠየቁ።

«የሚያረጋው ምንድን ነው?»

«ጄላቲን ይባላል፣ አክስቴ። ከከብት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ዱቄት ነው።»

«ከየትኛው ከብት? ማን አረደው?»

ሰልማ ካርቶኑን አገላብጣ አነበበች። ስለ እርዱ የሚል ነገር የለበትም።

«ሐራም ነው አላልኩም፤ አላውቀውም ነው ያልኩት» አሉ መሪየም። ከዚያ በኋላ የቀመሰ የለም። ጄሎው በከሚሴ ሙቀት ሟሙቶ ሳህኑ ላይ ተኛ።

ሰልማ አልተቀየመችም፤ ጥያቄው እውነት ነበር። እልህ ግን ያዛት። በሳምንቱ ሰፈራቸው ሥጋ ወደሚሸጠው ጀይሉ ሄዳ አራት የበሬ እግር ጠየቀች።

«ለሾርባ ነው?»

«ለጄሎ።»

ጀይሉ ምን እንደሆነ ባይገባውም ፈልጦ ሰጣት። ጠጉሩን ለብልባ፣ አጥባ፣ ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀቀለችው። ስቡን ገፍፋ፣ በስስ ጨርቅ አጥልላ ፍሪጅ ከተተችው። ረጋ! ግን ሾርባ ሾርባ ይሸታል። በሌላ ቀን የእንቁላል ነጭ መትታ ጨምራ አፈላችው፤ ድፍርሱን ይዞላት ወጣ። ሎሚና ቀረፋ ስታክልበት ሽታው ጠፋ።

ቀለሙን ከአገሩ ፈለገች፤ ቀዩን ከከርከዴ አበባ፣ ነጩን ከወተት፣ ቢጫውን ከጨፋ ፓፓያ። ቀዩና ነጩ ቀጥ ብለው ቆሙ። ፓፓያው ግን ቢያድርም ቢውልም ውሃ ሆኖ ቀረ፤ ከሥሩ ያሉትንም አፈረሳቸው።

«ጭማቂ ቤት ብትከፍቺ ይሻልሻል» ብሎ ወንድሟ ቶፊቅ ሳቀባት።

ሰልማ በየብርጭቆው እያደረገች ሞከረች፤ አንዱን ብዙ ስኳር፣ አንዱን ጥቂት ውሃ፣ አንዱን ደግሞ ፓፓያውን አስቀድማ አፍልታ። የፈላው ብቻ ረጋ። ብርጭቆውን ዘቅዝቃ ቶፊቅ ፊት ያዘችው፤ ጠብ አላለም።

አረፋ መጣ። የቤተሰቡ በሬ ከሶላት በኋላ ሲታረድ አክስት መሪየም እዚያው ቆመው ነበር። ሰልማ እግሮቹን ወስዳ ቀኑን ሙሉ ቀቀለች። በማግስቱ ከጎህ ጀምራ አንዱ ሲረጋ ሌላውን እያፈሰሰች ስድስት ድርብ ደረደረች። ከሰዓት በኋላ ዘመድ ሲሞላ ሳህኑን ትሪ ላይ ገለበጠችው። ጄሎው ተንቀጠቀጠ፣ ተወዛወዘ፣ ከዚያ ቆመ።

«እንዳለፈው ነው?» አሉ መሪየም።

«አይደለም፣ አክስቴ። ትናንት ዓይንዎ እያየ ከታረደው በሬ እግር ነው ያወጣሁት።»

«ከእግሩ? ወላሂ?»

«ወላሂ።»

መሪየም «ቢስሚላህ» ብለው አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደግመው ጎረሱ፤ በሦስተኛው «ማሻአላህ!» አሉ፣ ሳህናቸውን እንደገና እየዘረጉ። ያን ጊዜ እጅ ከየአቅጣጫው ተዘረጋ። ቶፊቅ ሁለት ጊዜ ወስዶ ለሦስተኛው ሲመጣ ትሪው ላይ ቀይ ውሃ ብቻ አገኘ።

«ኮቱ፣ ነይ አጠገቤ» ብለው መሪየም ኦሮምኛ ቀላቅለው ሰልማን ከጎናቸው አስቀመጧት። «የልጄ ኒካሕ በሚቀጥለው ወር ነው። ለሁለት መቶ ሰው ትችያለሽ?»

«በሬ ካለ እችላለሁ!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ሰልማ ቀና ብላ፣ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች።