ከሚያጨበጭቡት መሃል

ሽባባው እንጅባራ የመጣው ለሥራ ነበር፤ እዚያው የቀረው ደግሞ «ና ተመለስ» የሚለው ሰው ስለጠፋ ነው። ዳንግላ ሳለ ሠርግ ላይ ኪቦርድ ይጫወት ነበር። ዘፋኙ ባሕር ዳር ገባ፣ ማሲንቆ መቺው ሚስት አግብቶ ሙዚቃ በቃኝ አለ፣ ከበሮ የሚመታው ስልክ ማንሳት ተወ። ሽባባውም ኪቦርዱን ሸጦ እንጅባራ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጠረ። ቀኑን ሙሉ የሰው ጉርድ ፎቶ ሲያትም ይውላል። ያን ሁሉ ፊት ሲያይ ውሎ ከፊቶቹ አንዱ እንኳ «ምሳ በላህ ወይ?» አይለውም።

በኪቦርዱ ፈንታ የያዘው አንዲት ምት መሥሪያ ሳጥን ነው። ከትልቅ መጽሐፍ ብዙም አትበልጥም። ባትሪዋ ሆዷ ውስጥ ስለሆነ መብራት ቢሄድም ደንታ የላትም፤ እንጅባራ ላይ ይኼ ቀላል ጸጋ አይደለም። ፊቷ ላይ ትናንሽ ቁልፎች በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል፤ አንዱ ረድፍ ከበሮ ነው፣ አንዱ ክራር፣ አንዱ ቤዝ፣ አንዱ ጭብጨባ። ብርሃን ከግራ ወደ ቀኝ ይጓዛል፣ ጣት የነካው ቁልፍ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይወጣል፣ ጫፍ ሲደርስ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይነሳል። አንድ ሙሉ የሙዚቃ ባንድ ጭን ላይ አስቀምጦ ማጫወት በሉት፤ የማይጣላ፣ የማያረፍድ፣ ጠላ ጠጥቶ የማይንገዳገድ ባንድ። ሽባባው ግን ያን የሚጣላውንና የሚያረፍደውን ባንድ ይናፍቅ ነበር።

የሳጥኗ ሠሪዎች ውስጧ ያለውን ፕሮግራም፣ ፈርምዌር የሚሉትን፣ ለማንም ክፍት አድርገው ለቀውታል። ከዚያ ወዲህ ተጠቃሚዎቹ ከየአገሩ ሆነው እንደ ወንፈል ተጋግዘው ይሠሩታል፤ አንዱ የጎደለውን ይጨምራል፣ ሌላው የተበላሸውን ያርማል። ሽባባው ፕሮግራም መጻፍ አያውቅም። ሆኖም ኔትወርክ በመጣ ቁጥር እነሱ ከሚወያዩበት ገጽ ገብቶ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስተያየት ይጽፋል። አንድ ቀን እንዲህ ሲል ጻፈ፦ የሳጥናችን ጭብጨባ የአንድ ሰው ጭብጨባ ነው። እኛ አገር ሠርግ ላይ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል፣ አንዷ ልጅ ታቅፋ በአንድ እጇ ጭኗን ትመታለች። ሰው ተሰበሰበ የሚባለው ያኔ ነው።

ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ፤ የጠፋውም እንደ ልማዱ ለረጅም ጊዜ ነው። ሲመለስ ሽባባው አዲስ ፈርምዌር ወጥቶ አገኘ። ባሕር ማዶ ያለ፣ ፊቱን አይቶት የማያውቀው ሰው ነገሩ ገብቶት፣ አንዱ ጭብጨባ ሲቀድም ሌላው የሚዘገይበትን ሠርቶለታል፤ ከሥሩም «ሐሳቡ የሽባባው ነው፣ ከእንጅባራ» ብሎ ጽፏል። ሽባባው ስሙን ደጋግሞ አነበበ። አንድ ሰው ማሳየት አማረው። ፎቶ ከሚጠብቁት ደንበኞች ወደ አንዱ ስልኩን ዘረጋ፤ ሰውየውም «ፎቶዬ ደረሰ?» አለው። «ትንሽ ይቆያል» ብሎ ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተው።

አሁን ስለሚኖርበት ግቢ መናገር ግድ ነው። የተከራየው ክፍል ያለው ለቅሶ ቤት ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ይኸነው ክረምቱ ሊወጣ ሲል አርፈው፣ አርባቸው ገና አልወጣም። ግቢው ውስጥ ሬዲዮ አይከፈትም፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። ሚስታቸው እትዬ የሻረግ ከል ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከደጅ ሰው ጋር ብዙም አይነጋገሩም። ለሽባባው ግን በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል እንኳ ቅቅል ድንች ይልኩለታል፤ ጠዋት በቀርከሃው አጥር በኩል ሲወጣ «ብርዱ እንዴት አደረገህ?» ይሉታል። እንጅባራ ላይ ደህና አደርህ የሚለው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሳቸውን ቢያጣ ምን እንደሚቀረው ሽባባው ያውቃል፤ ስለዚህ ሳጥኗን በጆሮ ማዳመጫ እንጂ አያጫውታትም ነበር። ሳጥኗ ውስጥ የከተተውን የራሱን ጭብጨባ እንኳ የቀዳው ከከተማ ወጥቶ፣ ባሕር ዛፍ መሃል ብቻውን ቆሞ፣ እጁ እስኪቀላ እያጨበጨበ ነው።

እሑድ ከሰዓት አዲሱን ፈርምዌር በትንሿ ካርድ ገልብጦ ሳጥኗ ውስጥ ከተተና፣ አንዱን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ አስነሳት። መብራት ስላልነበረ ለብርሃን ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎታል። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋና የጭብጨባውን ረድፍ ለቀቀው።

ሕዝብ መጣ። አንዱ ቀደመ፣ አንዱ ተከተለ፣ ከኋላ አንድ ችኩል ደረበ፣ ከሁሉ በኋላ ደግሞ አንድ የዘገየ እጅ ጠብ አለ። ሽባባው ዓይኑን ጨፈነ። ባዶው ክፍል ሠርግ ቤት ሆነለትና ትከሻው ሳያዝዘው ተነሳ።

ዓይኑን ሲገልጥ እትዬ የሻረግ በሩ ላይ ቆመዋል። ስንት ጊዜ እንደጠሩት እግዜር ይወቅ።

«ጨፍር!» አሉት ማዳመጫውን ሲያወልቅ። «ጨፍር እንጂ፣ ማን ከለከለህ? የይኸነው አፈር ሳይደርቅ!»

«እትዬ፣ ጭፈራ አይደለም። ማለቴ ጭፈራ ነው፤ ግን ድምፅ የለውም።»

«ድምፅ የሌለው ጭፈራ? እብደት በለኛ! እኔ ልጅ መስለኸኝ፣ ሐዘኔ የገባህ መስሎኝ... ወሩ ሲያልቅ ቤቴን ልቀቅልኝ።»

ሽባባው ማዳመጫውን ዘረጋላቸው። እሳቸውም ተቀበሉት፤ ይወረውሩት ይሁን ያደምጡት ለራሳቸውም የገባቸው አይመስልም። ብቻ በጥቁሩ ሻሽ ላይ ደፉት።

ሲያደምጡ የግንባራቸው ቁጣ ቀስ እያለ ለቀቀ።

«ስንት ሰው ነው?» አሉ ጮክ ብለው፤ ማዳመጫ ያደረገ ሰው ሁሉ ይጮኻል።

«ማንም የለም እትዬ። እኔ ነኝ። እጄን ደጋግሜ ቀድቼ ነው።»

ማዳመጫውን ከአንድ ጆሯቸው አነሱት። «ይኼ ሁሉ አንተ ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ውይ ልጄን!» አሉና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ሽባባው ስንት ዘመን ሲፈልገው የኖረው ይህን ነበር፤ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ የሠራውን ሰምቶ ማን እንደሠራው የሚያውቅ ሰው። እትዬ የሻረግ ማዳመጫውን መልሰው ደፉ፤ ሳያውቁት ትከሻቸው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ተነቃነቀ።

እትዬ እንቁ የገቡት ይኼኔ ነው። የሟቹ እህት ናቸው፤ ሊያለቅሱ ከአዲስ ቅዳም በኩል መምጣታቸው ነበር። ያገኙት ግን ከል የለበሰች የወንድማቸው ሚስት በተከራይ ጎረምሳ አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ ሙዚቃ በሌለበት ትከሻዋን ስትሰብቅ ነው። በአገውኛ የተናገሩትን ሽባባው አያውቀውም፤ ቋንቋውን አልተማረም። ማስተርጎም ግን አላስፈለገውም። እትዬ የሻረግ ፊታቸው አመድ ለበሰ፤ ማዳመጫውን እንኳ ማውለቅ አቃታቸው።

«እያለቀሱ ነው!» አለ ሽባባው። «የጋሽ ይኸነው ድምፅ እዚህ ሳጥን ውስጥ አለ። እሱን ሰምተው ነው።»

ውሸቱ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠው። ደግነቱ ትከሻ ለለቅሶም ለጭፈራም ይነቃነቃልና ለጊዜው ያዘለት። እትዬ እንቁ ቁጣቸው ክው ብሎ ቀረ። እጃቸውን ዘረጉ።

«ወንድሜ? ወንድሜ እዚህ አለ? ስጡኝ፣ እኔም ልስማው።»

ሳጥኗን ማጥፋት ይችል ነበር። ካጠፋት ግን ውርደቱ የሚያርፈው እትዬ የሻረግ ላይ ነው። ማዳመጫውን ከእሳቸው ራስ አንስቶ እትዬ እንቁ ላይ ደፋው። ሴትየዋ ዓይናቸው ሳጥኗ ላይ በሚሮጠው ብርሃን ተተክሎ አደመጡ።

«የት አለ?»

«ከሚያጨበጭቡት መሃል ነው» አለ ሽባባው። «ሠርግ ላይ ነው የተቀዳው።»

አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ፈለጉ። ሽባባው ተፈርዶበት እንደሚጠብቅ ሰው ቆመ። ድንገት እትዬ እንቁ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«አገኘሁት! ይኼ ወደ ኋላ የሚቀረው እሱ ነው። ጭብጨባ ዕድሜ ልኩን ገጥሞለት አያውቅም!» አሉና ሳቁ፤ ሳቁ ሳያልቅ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። እትዬ የሻረግም አቀፏቸው። ሽባባው ክፍሉን ትቶላቸው ወጣ።

ወሬው በማግስቱ ከመንደር መንደር ዞረ። የሟቹ ዘመዶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በየተራ ወደ ሽባባው ክፍል መጡ። አንዱ ጭብጨባውን ሰማ፣ አንዱ «ሳሉንም ሰማሁት» ብሎ ማለ። አጎትየው ጋሽ ክንዴ ዓይናቸውን ጨፍነው አድምጠው «እጁ ከብዷል፤ ያኔም ታሞ ነበር ማለት ነው» አሉ። ሽባባው ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የገዛ ክፍሉ እስኪለቀቅለት ይጠብቃል። የሚወጣው ሁሉ ይመርቀዋል፤ «አንተስ ምን ትሠራለህ?» ያለው ግን የለም። እሱም ያን ዘፈን መንካት ፈራ፤ የአንድ ቁልፍ ቦታ ቢቀይር ሰውየውን ዳግም የቀበረ መሰለው።

አንድ ነገር ግን ያጽናናው ነበር። እትዬ የሻረግ ያውቃሉ። ነግሯቸዋል፤ «ውይ ልጄን» ብለውታል። ሰው ሁሉ ጋሽ ይኸነውን ቢሰማ፣ እሱን የምትሰማ አንዲት ነፍስ እዚያ ቤት አለች። ለእሳቸው ብሎ አዲስ ሠራ፤ ክራሩን አቀዘቀዘው፣ ጭብጨባውን ከሩቅ አመጣው፣ ለሐዘንተኛ ጆሮ የሚሆን አደረገው።

አርባው ወጥቶ እንግዳው ከተበተነ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት እትዬ የሻረግ መጡ። ሽባባው አልጋውን ጠረግ ጠረግ አድርጎ አስቀመጣቸው።

«እትዬ፣ አዲስ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ እርስዎ እንዲሰሙልኝ ብዬ ነው።»

«ጎሽ» አሉና ማዳመጫውን ራሳቸው ደፉ። ጥቂት አደመጡ። ከዚያ አወለቁትና ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ይኼ አይደለም ልጄ። የእሱን አምጣልኝ።»

«የማንን?»

«የይኸነውን ነዋ። ያን ወደ ኋላ የሚቀረውን።»

ሽባባው ፊታቸውን አየ። ለሰው ወሬ ብለው እንደሆነ፣ ሊቀልዱ እንደሆነ ፈለገ፤ በሩ ላይ ማንም አልነበረም፣ ፊታቸውም ላይ ቀልድ አልነበረም። እጆቹን አንስቶ «እኔ እኮ ነኝ» ሊል ነበር። እሳቸው ግን ሳጥኗን እያዩ ይጠብቃሉ፤ ሰው ከመንገድ የሚመጣ ዘመዱን እንደሚጠብቀው ነው አጠባበቃቸው። አዲሱን አጥፍቶ የቀደመውን ከፈተላቸው።

እስኪበቃቸው ሰሙ። ሲጨርሱ «እግዜር ያክብርልኝ፤ ዛሬ ደህና ነው» አሉትና ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ደህና ነው ያሉት ማንን እንደሆነ አልጠየቃቸውም።

ሽባባው ማዳመጫውን አንስቶ ደፋው፤ ከጆሯቸው የተረፈው ሙቀት ገና አልበረደም ነበር። ባሕር ዛፍ መሃል ቆሞ ያጨበጨበውን ቀን፣ የቀላውን መዳፉን እያሰበ፣ ከሕዝቡ መሃል የራሱን እጅ ፈለገ። አንዱ ቀደመ፣ አንዱ ተከተለ፣ ችኩሉ ደረበ። ከሁሉ በኋላ የዘገየው መጣ፤ ሽባባው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቢያዳምጥ፣ ደጋግሞ ቢያዳምጥ፣ እሳቸው ነበሩ፣ ጋሽ ይኸነው።