የልብስ ሰፊው ቋጠሮ

ልብስ ሰፊው ሚስቱን ተከትሎ ወደ ባሕሩ ከተማ ሲመጣ ያስገባት ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ ጀልባዋ አትቀርም። ሚስቱ ነርስ ናት። የወደቡ ሆስፒታል ሲፈልጋት "እሺ" ብላ ፈረመች፣ አለቀ። እሱም ሸራዋን በገዛ የስፌት መኪናው የሰፋላትን፣ ይህችኑ ነርስ በልጃገረድነቷ ሐይቁን እየተሻገረ የለመነባትን ትንሽ ጀልባ በተጎታች ጭኖ ተከተላት።

የስፌት መኪናው ሳሎን ገባ። ጀልባዋ ግን የአከራይዋ ግቢ በር ላይ ቀረች።

አከራይዋ ሦስት ቀን ታገሡ። በአራተኛው ቀን ፎጣ እያሰጡ፣

"አንተ ሰው፣ ይቺን ገንዳ ከበሬ ላይ መቼ ነው የምታነሣልኝ?" አሉ።

"ጀልባ ናት እማማ።"

"ውኃ ላይ ስትሆን ጀልባ ትባላለች። በሬ ላይ ገንዳ ናት። እስከ እሑድ ካልተነሣች የጎረቤቱ ካፌ ባለቤት ይወስዳታል። አይቷት ወዷታል፤ አፈር ሞልቶ አበባ ሊተክልባት ነው።"

ልብስ ሰፊው መርዶ እንደሰማ ሰው ክው አለ። አፈር! ያውም በሷ ላይ!

ጀልባዋን የሚያስርበት ቦታ ፍለጋ ወደ ወደቡ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ጸሐፊዋ መዝገቡን እንኳ ሳትገልጥ "ሞልቷል" ትለዋለች። ቅዳሜ በጠዋት ግን አሳዘናት መሰለኝ፣ "ከድሮው ግንብ ሥር ክፍት ቦታ አለ። ማንም አይፈልገውም" አለችው። ለምን እንደማይፈልጉት መጠየቅ ነበረበት። እሱ ግን "ክፍት" የሚለውን ከሰማ በኋላ ሌላው ቃል ጆሮው አልገባም።

ውኃው እስከ ግንቡ አፍ ሞልቶ፣ ከነፋስ ተከልሎ፣ ሳህን ላይ እንደቀረበ ሾርባ ጸጥ ብሏል። ሐይቅ ላይ እንደለመደው አሰራት። ፊቷን በአንዱ የግንቡ የብረት ቀለበት፣ ኋላዋን በሌላው፣ ክንድ በማይሞላ ገመድ፣ ግጥም አድርጎ። ልቅ ነገር አይወድም። ቋጠሮውን ሦስት ጊዜ ደገመው። ከዚያ ጎኗን መታ መታ አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከምሳ በኋላ ሚስቱን ሊያሳያት ይዟት መጣ።

"ለመሆኑ ነፋስ አይገባበትም?" አለችው መንገድ ላይ።

"ነፋስ ትያለሽ? ወሬ አይገባበትም!"

ግንቡ ጋ ደረሱ። ባሕሩ የለም።

ጠዋት ውኃ የነበረበት ሁሉ ጭቃ ነው። ጭቃው መሐል አንድ ጫማ ብቻውን ተተክሏል። ጀልባዋ ግን ካሰረበት ንቅንቅ አላለችም። ከጭቃው ሁለት ሰው ቁመት ከፍ ብላ፣ ግንቡ ላይ እንደተሰቀለ ካፖርት ተንጠልጥላለች። ገመዶቹ ይንቋቋሉ።

ልብስ ሰፊው ቦታ የተሳሳተ መስሎት ዞሮ የቢሮውን ጣሪያ አየ። እዚያው ነው።

"ባሕሩን… ባሕሩን ማን ወሰደው?"

"እኔን ነው የምትጠይቀኝ?" አለች ነርሷ፣ እሷም ዓይኗን ሳትነቅል።

"አንድ ቦታ ተቀዷል! ሰው ጥሪ! ሁሉም አልቋል!"

ግንቡ ጥግ መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ቀና አሉ። "አትጩኽ የኔ ልጅ። ይመለሳል።"

"የት ሄዶ?"

"ሥራ አለው። በቀን ሁለቴ ይወጣል፣ ሁለቴ ይገባል። አንተ ከየት ነህ?"

"ከሐይቅ።"

ሽማግሌው በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አሃ። የናንተ ውኃ ቤቱ ተቀማጭ ነው። የኛ ወጪ ወራጅ ነው።"

ይህን ሲሉ ጧ አለ። የኋላው ገመድ የታሰረበት ብረት ከጀልባዋ እንጨት ላይ አንድ ጣት ያህል ተነቀለ።

"ውኃው ተመልሶ እስኪያንሳፍፋት ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አለች ነርሷ።

"አራት። ብረቱ ግን አራት ሰዓት የሚቆይ አይመስለኝም።"

ልብስ ሰፊው ራሱን ይዞ ቁጢጥ አለ። ነርሷ በኮሌታው አነሣችው። "ሰውዬ፣ ኋላ ትደነግጣለህ። አሁን ቋጠሮውን ፍታ።"

ታገለ። ጥፍሩ ተሰበረ። የጀልባዋ ክብደት ቋጠሮዎቹን ድንጋይ አድርጓቸዋል።

"ማነው እንዲህ ያሰራት?" አሉ ሽማግሌው።

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ደግሞ ጠላት ያለህ መስሎኝ።"

ሽማግሌው ሁለት ረጃጅም ገመዶች አምጥተው አንዱን ከጀልባዋ ፊት፣ አንዱን ከኋላዋ አሰሩ። ሌላውን ጫፍ ክብደቱ እንዳይጎትታቸው ግንቡ ላይ በቆሙት የብረት ምሰሶዎች ጠመጠሙት። የፊቱን እሳቸው፣ የኋላውን ነርሷ ያዘች። ልብስ ሰፊው ከኪሱ መቀሱን አወጣ። ያ መቀስ የገዛ ጌታውን ቋጠሮ ሲቆርጥ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ገመዶቹን እያኘከ፣ እያኘከ፣ በጠሳቸው።

ጀልባዋ ስንዝር ወረደች፤ የሱም ልብ አብሮ።

"ቀስ…" ትላለች ነርሷ፣ በሽተኛ ከአልጋ እንደምታወርድ ሁሉ፤ "ቀስ… ያዙ! ደግሞ ትንሽ… ቀስ…"

ጀልባዋ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ወደ ጎኗ ዘመም ብላ አረፈች።

"ቦታው እኮ ጥሩ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ጭቃው ፍራሽ ነው፣ አይጎዳትም። ሰው የሚሸሸው ጫማ ስለሚያስቀር ነው። አንተ ግን ገመዱን ልቀቅላት። ውኃው የሚወርደውን ያህል፣ ከዚያም ትንሽ ትርፍ።"

ልብስ ሰፊው ፈዞ አያቸው። የልጅ ሱሪ ሲሰፋ ከእግሩ ሥር አራት ጣት እጥፋት ይተዋል፤ ልጅ ያድጋላ። ለባሕርም እጥፋት እንደሚተው ግን በሃያ ሁለት ዓመት የስፌት ሥራው ማንም አልነገረው።

ወደ ማታ ላይ ውኃው ሲመለስ እንደገና ደነገጠ። ኮሽታ የለው፣ ምን የለው፤ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው ዘው ብሎ ገባና ጠዋት የነበረበት እርጥብ መስመር ላይ ቆመ። ልብስ ሰፊው ጀልባዋን በረጅሙ አሰራት። ገመዱ ልቅ ብሎ ሲንሳፈፍ እጁን በላው፤ ሊያሳጥረው ሲል ነርሷ "ተው!" አለችው።

አከራይዋ ባዶውን በራቸውን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። "የት አገኘህላት?"

"ከድሮው ግንብ ሥር።"

"ጥሩ ነው። ብቻ ገመዱን አርዝመው፤ ውኃው ይሸሻል እኮ።"

"እማማ! ይህን ጠዋት አይነግሩኝም ነበር?"

"ለትልቅ ሰው ውኃ ይሸሻል ተብሎ ይነገራል እንዴ?"

እሑድ ከውኃው ቀድሞ ግንቡ ላይ ተቀመጠ። ባሕሩ መውጣት ጀመረ። ጀልባዋ ዝቅ፣ ዝቅ እያለች ወርዳ ጭቃው ላይ አረፈች። ገመዱ ገና ሁለት ክንድ ተርፎታል። ልብስ ሰፊው ይህን ሁሉ በዓይኑ እያየም መቀሱን ከእጁ አላወረደም።