የቆርቆሮ ነጸብራቅ

በሁለተኛው ሳምንት አሥራ ዘጠኝ መምህራን በአንድ ቀን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይህን ትምህርት ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እንደ አንድ አባትም ራሴን ጠየቅሁ» ይላል ከወደራ የተላከው። ከተልተሌ የተላከውም ይኸንኑ ይላል። ሄራን የምትባለው መምህርት እንኳ፣ ያውም ገና ያላገባች ልጅ፣ «እንደ አንድ አባት» ብላ ልካለች። ነገሌ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ አንድ በአንድ ሳነብ፣ ሌላ ሰው አኝኮ የተፋውን ማስቲካ አፌ ውስጥ የከተቱብኝ መሰለኝ።

ኮርሱ በስልክ የሚሰጥ የኦንላይን ኮርስ ነው። የምሠራበት ድርጅት በቆላው ላሉ የኮንትራት መምህራን ያዘጋጀው ነው። በየሳምንቱ ትምህርቱን ካነበቡ በኋላ ምን እንደተማሩ፣ ክፍላቸው ውስጥ ምን እንደገጠማቸው፣ ምን እንደሚለውጡ በሁለት መቶ ቃል ጽፈው ይልካሉ። ይህን የቤት ሥራ ከኖርዌይ ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። ስሙንም እኔው ነኝ የተረጎምኩት፤ «ነጸብራቅ»። ሦስት ነጸብራቅ ያጎደለ ምስክር ወረቀት አያገኝም፤ ምስክር ወረቀት የሌለው ደግሞ በመስከረም ኮንትራቱ አይታደስም።

ሃያኛዋ ተማሪ አዴ ጠጂቱ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳን አልፏል፤ ከዱብሉቅ ወጣ ብሎ ባለ ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት ያስተምራሉ። በመጀመሪያው ሳምንት «ኔትወርክ የለም» ብለው ላኩ። በሁለተኛው «በዚህ ሳምንት ምንም አልተማርኩም። ትምህርቱ ጥሩ ነው» አሉ። ከሃያው ሰው መካከል የራሳቸውን ዓረፍተ ነገር የጻፉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሁለት ያጎደሉት፣ አንድ ቢደግሙ የሚወጡትም እሳቸው ብቻ።

በአሬሮ በኩል ሙሉ ቀን ተጉዤ ዱብሉቅ አደርኩና በማግስቱ ቀትር ላይ ትምህርት ቤታቸው ደረስኩ።

«አካም፣ የድሬሰሩ ልጅ! ናጋ?» አሉኝ። አባቴ በሚሲዮን ክሊኒክ ቁስል ያጥብ ስለነበር፣ የትም ብማር በዚህ አገር ስሜ ይኸው ነው።

«ናጋ፣ አዴ። ነጸብራቁን ለምን አይጽፉም?»

«ነጸብራቅማ ያውልህ» ብለው በአገጫቸው ወደ ጣሪያው ጠቆሙ። ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ አርፋ ቀና ብሎ ማየት አይቻልም። «ዓይን ከማሳመም ሌላ ምን ይሠራል?»

«ስለ ራስዎ መጻፍ ማለት እኮ ነው። የተሳሳቱትን፣ ያልሆነልዎትን…»

«እንዲያ በለኛ! ግለ ሂስ ነው።»

«አይ፣ ግለ ሂስ እንኳ…»

«አውቀዋለሁ። በሰማንያ ስምንት ግምገማ ተቀመጥን። 'ድክመታችሁን በጽሑፍ አቅርቡ' ተባልን። ሁሉም 'ድክመቴ ሥራ ማብዛቴ ነው' ብሎ ጻፈ። እኔ ሞኟ፣ እናቴን ላስታምም ሦስት ቀን እንደቀረሁ ጻፍኩ። ወረቀቴ ስብሰባ ላይ ተነበበ። የአራት ወር ልጅ ታቅፌ በቅጣት ተልተሌ ወረድኩ።»

«ይሄን ከእኔ በቀር ማንም አያነበውም።»

«ማልልኝ።» ከዚያ ራሳቸው ሳቁ። «ለካ ጴንጤ አይምልም።»

«ቃሌ ነው፣ አዴ።»

«እሺ። ቃልህ።»

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ጽሑፋቸው ደረሰኝ። «ከአርባ ስድስት ልጆች ሠላሳ አንዱ ስማቸውን ማንበብ አይችሉም» ይላል። «ሁሉንም አሳልፌያለሁ፤ ቁጥሩን ከላይ ይፈልጉታል። የጎሳቸው የውሃ ተራ በደረሰ ቀን ልጆቹ ከብት ለማጠጣት ኤላ ይሄዳሉ። እኔም በሩን ዘግቼ ግራር ሥር እተኛለሁ፤ መዝገቡ ላይ ግን 'ተገኝተዋል' ብዬ እሞላለሁ። ልጆቹ ሲያልፉ ደስ ይላቸዋል። ማፈሩን ለእኔ ትተውልኛል።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ቃሌን በላሁ። ልክ እንደሆንኩ ለአሥራ ዘጠኙ ላሳያቸው ፈለግሁ፤ ሌላ ሰበብ የለኝም። ስማቸውን አጥፍቼ ጽሑፉን «ናሙና» ብዬ በኮርሱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ስማቸውን አጠፋሁ እንጂ ኤላውን፣ ያን ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ፣ አላጠፋሁም። ከሃያዎቹ ትምህርት ቤቶች ኤላ አጠገብ ያለው የእሳቸው ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ደወሉ። አልጮኹም።

«የወረዳው ትምህርት ኃላፊ ሰኞ እንድመጣ ነግሮኛል። ጽሑፉ ስልኩ ላይ አለ።»

«አዴ፣ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። ሰኞ አብሬዎት ገብቼ አስረዳለሁ።»

«ምኑን ነው የምታስረዳው? እውነት መሆኑን? አንተ አርፈህ ተቀመጥ» አሉና ዘጉት።

እሁድ ከሰዓት የሦስተኛው ሳምንት ነጸብራቆች መግባት ጀመሩ። የወደራውን ከፈትኩ። «ከአርባ ስድስት ልጆች ሠላሳ አንዱ ስማቸውን ማንበብ አይችሉም።» የተልተሌውን ከፈትኩ፤ ሠላሳ አንድ። ሄራንም ሠላሳ አንድ። ዝናብ የማይቸግራት ወደራ ሳትቀር ልጆቿ ኤላ ወርደው ተራ ይጠብቃሉ። አሥራ ዘጠኙም በሩን ዘግተው ግራር ሥር ተኝተዋል። አንዲት ሴት ሥራዋን የምታጣበትን ቃል ለማርክ ሲያግበሰብሱት ሳይ ማን እንደሚያድላቸው ልጠይቅ ከቢሮ ወጣሁ።

ነጸብራቅ የሚሸጠው ራሺድ መሆኑን ነገሌ ውስጥ ሳላውቅ የቆየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ገበያው ዳር የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለው።

«አታፍርም?» አልኩት ገና ከደጅ። «የሰው ኃጢአት ትሸጣለህ?»

«ዶክተር ሆይ፣ እስኪ ቁጭ በል።»

«ዶክተር አይደለሁም።»

«ታዲያ ለምን ትቆጣለህ? ወላሂ፣ ያለፈውን የእንባውን ሸጫለሁ፤ ይሄኛውን ግን በነጻ ነው የበተንኩት።»

«ማን በትን አለህ?»

«አስተማሪ ጠጂቱ ናቸዋ። ትናንት ደወሉልኝ። 'እስከ ነገ ለሁሉም ድረስልኝ፤ ቁጥሩን እንዳትነካ፣ ኤላውንም እንዳታወጣ' አሉኝ።» ወረቀቱን ማሽኑ ውስጥ እየከተተ ቀና ብሎ አየኝ። «ውጭ አገር ይሄን አላስተማሩህም? አንድ ሰው ሲጽፈው ኃጢአት ነው። ሃያ ሰው ሲጽፈው ፎርም ነው።»

ሰኞ አዴ ጠጂቱ ኃላፊው ፊት ቀርበው ምን እንዳሉ ራሳቸው በስልክ ነገሩኝ።

«'ጌታዬ፣ ሁላችንም ከራሺድ ነው የምናመጣው' አልኩት። ሄራንን ደውሎ 'ያንቺን ላኪልኝ' አላት። ላከችለት። የወደራውንም አስላከ። ወደራ ውስጥ ኤላ ሲያገኝ እስኪያነባ ሳቀ። 'በይ ሂጂ፣ ኮርሳችሁን ጨርሱ' አለኝ።»

«ስለ ልጆቹ አልጠየቀዎትም?»

«ስለ የትኞቹ ልጆች?»

ከዚያ በኋላ እንደ ሁሉም ሰው በየሳምንቱ ሞልተው ላኩ። የመጨረሻው ሳምንት ነጸብራቃቸው ልክ ሁለት መቶ ቃል ነበር። «ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እንደ አንድ አባትም ራሴን ጠየቅሁ» ይላል። ከመስፈርቶቹ አንድም አልጎደለውም።

ዜሮ ልሰጣቸው ነበር። ለሃያውም ዜሮ። ነገር ግን ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ ስማር የጻፍኩት የራሴ ነጸብራቅ ትዝ አለኝ። በልጅነቴ በድርቅ ከንፈሬ ተሰንጥቆ ውሃ ፍለጋ ስለሄድኩበት ቀን ነበር የጻፍኩት። እንዲህ ያለ ቀን አልነበረም። ክሊኒኩ ታንከር ነበረው፤ ውሃ ጠምቶኝ አያውቅም። መምህሯ ግን እያነበበች መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች፤ ከክፍሉም ከፍተኛውን ማርክ ሰጠችኝ። ይህን ለማንም ጽፌ አላውቅም።

አሥር ከአሥር ሰጠኋቸው። ወዲያው ደወሉ።

«የድሬሰሩ ልጅ፣ ስንት አገኘሁ?»

«አሥር።»

«ከስንት?»

«ከአሥር፣ አዴ። አልፈዋል። ምስክር ወረቀቱ ይደርስዎታል።»

ከኋላቸው ልጆች በአንድ ድምፅ ፊደል ይቆጥራሉ።

«እንግዲህ ሳንችል ያለፍነው ሠላሳ ሁለት ሆንና» አሉ።

ይሳቁ አይሳቁ ሳልለይ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ቀጥሎ ያለውን ነጸብራቅ ከፈትኩ። የተልተሌው ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።