ሆሴዕ የጨረሳቸው መጻሕፍት

ሆሳዕና መናኸሪያው አጠገብ፣ ከአንድ ጫማ ሰፊ ጎን፣ ያገለገሉ መጻሕፍት በሸራ ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ሆሴዕ የሚባል ሰው ነበር። ስድሳ ሊሞላው ትንሽ የቀረው፣ ወሬ የሚወድ፣ ሰው የሚወድ፣ ከሁሉም በላይ የማይመለከተውን መጠየቅ የሚወድ። መጽሐፍ ፈልጎ የመጣ ደንበኛ መጀመሪያ የእሱን ጥያቄ መመለስ አለበት። «ተኝተህ ነው ተቀምጠህ የምታነበው? እናትህ ደህና ናቸው? ፍርድ ቤት ጉዳይ አለህ?» ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው እጁን ወደ ክምሩ የሚሰደው።

ምክሩም እንደ ጥያቄው ነው። የፈተና ውጤት ለሚጠብቅ ተማሪ ወፍራም ልቦለድ ይሰጠዋል፤ ቀኑ ቶሎ እንዲያልፍለት። ለአዲስ ሙሽራ ቀጭን መጽሐፍ ይበቃታል፤ ወፍራሙ ባሏን ያስቀይማል። ከሚስቱ ጋር የተጣላ አንድ የቢሮ ኃላፊ የፍቅር ታሪክ ቢጠይቀው፣ «ለአንተ አሁን የሚሆንህ የንብ እርባታ ነው» ብሎ በንብ መጽሐፍ ሸኝቶታል። ሆሴዕ መጽሐፍ ከመክፈቱ በፊት ያሸተዋል። ይሄ ወጥ ቤት ውስጥ የተነበበ ነው፣ ቅቤ ቅቤ ይላል፤ ይሄን ያነበበው ሰው ስልሳኛው ገጽ ላይ አቁሟል፣ ከዚያ ወዲያ ጣት አልነካውም፤ እንዲህ እያለ ለራሱ ሲያወራ ይውላል።

አንድ መጥፎ ልማድ ነበረው። ያገለገለ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ተገንጥሎ ነው የሚመጣው። ሌላው ሻጭ ይህን ደብቆ ይሸጣል። ሆሴዕ አይደብቅም፤ «ሲያልቅብህ ና፣ የቀረውን እነግርሃለሁ» ይላል። ሰውየው ሲመለስ ደግሞ ከራሱ ፈጥሮ ይነግረዋል። እውነተኛውን መጨረሻ አያውቀውም፤ አላውቅም ማለት ግን አይሆንለትም። ጉድ ያመጣችበት ይህቺ የአፉ ነገር ናት።

መጀመሪያ የሂሳብ አስተማሪው ማቴዎስ ነበር። የሁለት የተኳረፉ ወንድማማቾችን ታሪክ ገዝቶ፣ መጨረሻውን ሲያጣ መጣ። «ታላቅየው በበዓል ጠዋት በግ እየጎተተ ይመጣል» አለው ሆሴዕ፣ ብዙም ሳያስብ። በዚያው ዓመት በሃዲያ ዘመን መለወጫ፣ በያሆዴ በዓል ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያልተነጋገረው የማቴዎስ ታላቅ ወንድም በግ እየጎተተ ግቢው ገባ። ማቴዎስ እያለቀሰ አንድ ኪሎ ቅቤ ለሆሴዕ አመጣለት። ሆሴዕ ሳቀ፤ ቅቤውንም በላ።

ቀጥሎ የጨርቅ ነጋዴዋ ብርቅዬ መጣች። የእሷ መጽሐፍ ብቻዋን ስለምትኖር ሀብታም ሴት ነው። «አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤት ሲነሣ፣ የቤቷ በሮች ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል። ውስጥ ሰው የለም፤ ሻይዋ ግን ገና አልበረደም» አላት። «ኧረ በስመአብ!» ብላ እየሳቀች ሄደች። በሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ሰፈሩ በጩኸት ተነሣ። ሆሴዕ ከሰው ጋር ተጋፍቶ ብርቅዬ ቤት ገባ። የፊት በሩ፣ የጓዳው በር፣ የቁም ሳጥኑ በር ሳይቀር ተከፍቷል። አንድም ዕቃ አልጠፋም፤ ብርቅዬ ብቻ የለችም። ጠረጴዛው ላይ የቆመውን ብርጭቆ በጣቱ ነካ አደረገው። ትኩስ ነበር።

እዚያው በቆመበት ሩት ትዝ አለችው።

ሩት የሟች እህቱ ልጅ ናት። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ሚስትም ልጅም ለሌለው ለሆሴዕ በዚህ ዓለም ያለችው እሷ ብቻ ናት። ነርስ ሆናለች፤ ፎንቆ በምትባል የገጠር ከተማ ተመድባ ሐሙስ ጠዋት ልትሄድ ነው። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የቡላ ገንፎ እየበሉ፣ ከእሱ ክምር የወሰደችውን ሽፋን የሌለው መጽሐፍ አወጣች። ገጠር ስለተመደበች ነርስ የሚተርክ ነው።

«አጎቴ፣ ይሄም መጨረሻ የለውም። ነርሷ ምን ሆነች?»

እሱም አፉን እንኳ ሳይጠርግ፣ «የተሳፈረችበት መኪና ጭጋግ ውስጥ ይገባል። ሲወጣ ተሳፋሪው ሁሉ በቦታው አለ፤ የእሷ ወንበር ብቻ ባዶ ነው» አላት።

«አንተ ደግሞ ሰው ማጥፋት ትወዳለህ!» ብላ በማንኪያዋ ዛተችበት።

ረቡዕ ሙሉ ቀን ሲለምናት ዋለ። «ተሳስቼ ነው፤ ነርሷ በደህና ትገባለች» ቢላት፣ ልብሷን እያጣጠፈች፣ «አሁን የፈጠርከው ነው፤ ታስታውቃለህ» ብላ ሳቀች። «አትሂጂ» ሲላት ግን ሳቋ ቆመ። «ሁለት ዓመት ቁጭ ብዬ ያገኘሁት ሥራ ነው። በልቦለድ ምክንያት ልቅር? ይልቅ ጸልይልኝ።» ጸለየ። እየጸለየም ሐሳቡ ይሸሻል፤ የብርቅዬ ብርጭቆ ሙቀት ጣቱ ላይ ቀርቷል። አሜን ሳይል አንድ ነገር ብልጭ አለለት። ሦስቱም መጻሕፍት ከአንድ ማዳበሪያ የወጡ ናቸው። ማዳበሪያውን የገዛው አንጋጫ ከሚኖሩ ጡረተኛ መምህርት፣ ከወይዘሮ ወለተሥላሴ ነው። መጻሕፍቱ መጨረሻቸውን እዚያው ትተው መጥተው ከሆነስ?

ሐሙስ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍሮ አንጋጫ ወረደ። ከተማው በጭጋግ ተውጧል፤ ከእንሰቱ አልፎ የሚታይ ነገር የለም። ሰው እየጠየቀ ቤታቸው ደረሰ። ወይዘሮ ወለተሥላሴ በር ላይ ቆመው ነበር፤ የሚጠብቁት ይመስል።

«መጨረሻዎቹን ፈልገህ ነው የመጣኸው» አሉት፣ ገና ሰላምታ ሳይሰጥ።

ከማርያም ሥዕል ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ አንድ የብስኩት ካርቶን አነሡ። ውስጡ በቃጫ የታሰሩ የተገነጠሉ ገጾች ሞልተውበታል።

«አርባ ዓመት አስተማርኩ። መጽሐፎቼን ስሸጥ ሆዴ አልችል አለ፤ የሁሉንም መጨረሻ ለራሴ ገንጥዬ አስቀረሁ። ስስት ነው፣ ምን ልበልህ። ጎዶሎ ሆነው ዝም ብለው የሚቀመጡ መስሎኝ ነበር።»

«ዝም አላሉም፣ እማማ። እኔ ነኝ የጨረስኳቸው፣ በአፌ።»

«አውቃለሁ። ወረቀቱ ሲንሿሿ እሰማለሁ። አንተ የተናገርከው ሲፈጸም፣ እዚህ የተጻፈው ይጠፋል። እየው» ብለው ሁለት ገጾች ሰጡት። ነጭ ናቸው። የአንዱ ጠርዝ ላይ «ወንድሙ» የሚል ቃል በጭላንጭል ይታያል፤ ሌላው ላይ ምንም የለም። የብርቅዬ መሆኑን ማንም ሳይነግረው አወቀ። ነውሩ አንገቱን አስደፋው። ያንን ሁሉ ሰው ሲመክር፣ አንድ ቀን እንኳ ከአፉ የሚወጣው ነገር የት እንደሚያርፍ አስቦ አያውቅም።

የነርሷን ገጽ ፈልገው አወጡለት። ከላይ ያሉት ሁለት መስመሮች ገርጥተዋል።

«ሳይጠፋ ይነበብላት» አሉት። «ግን እስከ መጨረሻዋ ቃል። በግማሽ ከተተወ መጨረሻ አይደለም።»

ሆሴዕ መነጽሩን አድርጎ መጀመሪያ በዓይኑ አነበበው። ነርሷ ትደርሳለች። ደስታ እንባውን አመጣው። ከዚያ ወደ ታች ወረደ፣ የመጨረሻውን መስመር አነበበ፣ እንደገናም አነበበው። መምህርቷም በትከሻው በኩል አንብበውታል።

«ልጄ፣ ይህን አትናገረው። አጥፈህ ኪስህ ክተተው» አሉት በሹክሹክታ።

ሦስተኛው መስመር ዓይኑ እያየ መገርጣት ጀመረ። ሆሴዕ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«አጎቴ! የት ሄደህ ነው? ሳልሰናበትህ ወጣሁ። ጭጋጉን ብታየው፤ ሹፌሩ መብራት አብርቶ እያዘገመ ነው። አጠገቤ ያሉትን ሴትዮ እንኳ በደንብ አላያቸውም።»

«የመጽሐፍሽን መጨረሻ አግኝቼዋለሁ። ዝም ብለሽ ስሚ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

አነበበላት። «ሚኒባሱ ጭጋጉን አልፎ ወጣ። ነርሷ ሻንጣዋን ይዛ ወረደች፤ ገበያው ደምቋል፤ ሊቀበሏት የመጡ ሴቶች ስሟን ጠሩ።»

«ደረሰች! ይኸው፤ ይሄ ይሻላል።»

«ገና አላለቀም» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። ለደንበኛ በሚተርክበት በዚያው በረጋ ድምፅ ቀጠለ። «ሊያድናት ርቆ የሄደውን ሽማግሌ ግን ጭጋጉ ወሰደው። ከዚያ ቀን ወዲያ ያየውም፣ ድምፁን የሰማውም የለም።»



«ሽማግሌው አሳዘነኝ» አለች ሩት። «ምን አጠፋ?»

«አፉ አላርፍ ብሎት ነው» አላት። «ስልኩን አትዝጊው። ስትወርጂ ልስማሽ።»

መስመሩ መቆራረጥ ሲጀምር ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ግቢው ወጣ። መምህርቷ ከኋላው፣ «አትውጣ!» ይላሉ፤ እሱ ግን ጆሮው ሩት ጋ ነው። ጭጋጉ በእንሰቱ መካከል ገብቶ ጉልበቱ ደርሷል። ቀዝቃዛ አልነበረም፤ ይህ ነው ያስገረመው።

«አጎቴ፣ ተገለጠ እኮ! ፎንቆ ታየን! ይኸው ቆመ። ወረድኩ፣ ሻንጣዬም ደህና ነው። ሀሎ?»

«ሰማሁሽ፣ የኔ ልጅ።»

«ሀሎ? አጎቴ?»

«እዚህ ነኝ።»

«ምነው ዝም አልክ? ሀሎ?»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ በር ላይ ወጥተው፣ «ሆሴዕ! ሆሴዕ!» እያሉ ይጣራሉ። በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ናቸው። እጁን አነሣላቸው። ዓይናቸው በእሱ ላይ አልፎ ወደ አጥሩ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና አለፈው። ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ደፉ ላይ ተቀመጡ።

ሆሴዕ ፈራ። እንደ ሕፃን ፈራ። ሩት ግን ስልኩን ሳትዘጋ ረስታዋለች፤ አንዲት ሴት፣ «ሩት አንቺ ነሽ? እንኳን ደህና መጣሽ፤ ነይ፣ ቁርስ አልበላሽም መቼም» ስትላት፣ እሷም ስትስቅ ይሰማል። አንድም ቃል እንዳያመልጠው ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ይዞ፣ ባለበት ቆመ።